መልስ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ ያወጣል ወይ?

«የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደ ሌሎች አገሮች የላይኛው ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ ያጸድቃል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ መልሱ አያጸድቅም የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራል ሕግ የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ስለሆነ፣ «ሁለት ምክር ቤት» የሚለው አጠራር ትንሽ የሚያሳስት ይመስለኛል።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዋነኛ ክብደት ያለው አንቀጽ 62 ላይ ነው፤ በብዙ አገሮች ለፍርድ ቤት የሚተወውን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የያዘው እርሱ ሲሆን፣ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። በኮቪድ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ እንዲራዘም በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን የወሰነውም በዚሁ የትርጉም መንገድ ነበር፤ ውሳኔው ያስነሳው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው።

አባላቱን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝቡ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይታከልለታል። መራጮቹ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ከፈለጉም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ።