ደንበኛው ብቻውን ገብቶ፣ መርጦ፣ ከፍሎ መውጣት ይችላል ወይ?

እህቴ፣ «የልብስ ሱቅም ድረ ገጽም አለኝ፤ ለአካል ጉዳተኛ ደንበኞች እንዲመቹ እፈልጋለሁ፤ ገንዘቤ ግን ውስን ነው፤ ከራምፑ (ዊልቸር ደረጃውን እንዲያልፍ ከሚሠራው ተዳፋት) ልጀምር ወይስ ከድረ ገጹ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የምመልስልሽ ከገዢ ወገን ሆኜ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ስልክም ኮምፒውተርም የምጠቀመው በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ብዙ ጊዜ ዕቃ ለመግዛት የምንወጣው አብረን ስለሆነ የሁለታችንንም እንቅፋት አውቀዋለሁ።

ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥሽ በፊት ደንበኛው ከበር አንስቶ ደረሰኝ እስኪቀበል ያለውን መንገድ ተከተይ። የት ላይ ነው ያለ ሰው እርዳታ መቀጠል የማይችለው? መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው። ጥሩ ራምፕ ሠርተው መክፈያው ጋ የሚያስቀሩን ሱቆች ብዙ ናቸው።

ስለ መክፈያው እምብዛም ስለማይነሳ ትንሽ ላስረዳሽ። ቁልፍ ያለው የካርድ ማሽን 5 ቁጥር ላይ ትንሽ እብጠት አለችው። ጣቴ እሷን ካገኘች የቀሩትን ቁጥሮች ያለማንም እርዳታ እነካለሁ። ልሙጥ ስክሪን ብቻ ያለውና ድምፅ የማያወጣ ማሽን ከሆነ ግን ሚስጥር ቁጥሬን ለገንዘብ ተቀባዩ መንገር ሊኖርብኝ ነው፣ ያውም ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ። እንዲህ ሲገጥመኝ የመረጥኩትን ልብስ ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ማሽን ስትረከቢ ቁልፍ ያለውን ወይም በድምፅ የሚመራውን ጠይቂ። ለወንድሜ ደግሞ ማሽኑ ከባንኮኒው ተነስቶ እጁ ድረስ መምጣት ከቻለ ችግሩ አለቀ።

ወደ ራምፑ ስንመጣ፣ በር ላይ ደረጃ ካለ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለወንድሜ ተዘግቷል። በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ ራምፑ ቢያንስ 1.80 ሜትር መርዘም አለበት። ከዚያ ካጠረ ዊልቸሩን ሰው መግፋት ይኖርበታል፣ ሲወርድም ያስፈራል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ተነቃይ ራምፕና ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ በሚደርስበት ከፍታ በር ላይ የተሰቀለ ደወል ለጊዜው ይበቃል። ውስጥ ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ፦ መተላለፊያውን ባዶ ማድረግ። የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት ለመተላለፊያ ወደ 91.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይጠይቃል። ብዙ ሱቅ ስፋቱ አለው፤ የሚዘጋው ካርቶንና የቅናሽ ዕቃ መደርደሪያ እየቆመበት ነው። የልብስ መሞከሪያ ክፍሉንም እንደ ዕቃ ማስቀመጫ አትጠቀሚበት።

ድረ ገጹ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው የምሰማው፦ «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር»። የቱ «ወደ ቅርጫት ጨምር»፣ የቱ «ሰርዝ» እንደሆነ አላውቅም፣ ምክንያቱም ስም አልተሰጣቸውም። ልኬን ስመርጥ የተመረጠው በቀለም ብቻ ከተለየ ስክሪን ሪደሩ ምንም አይነግረኝም፤ ሳላውቅ ሌላ ልክ አዝዣለሁ። «በቀይ የተመለከቱትን አስተካክል» የሚል ፎርምም ለእኔ መልእክቱ ባዶ ነው። ስክሪን ሪደሩ እንዲያነበው ከፎቶው ጋር ኮዱ ውስጥ የሚጻፈው ገለጻ ደግሞ የፋይሉ ስም መሆን የለበትም፤ «ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ፣ ረጅም እጅጌ፣ ከፊት ሁለት ኪስ» ብትዪኝ አይቼ እንደመረጥኩ ነው።

ለድረ ገጽ ባለሙያሽ ደብልዩሲኤጂ (WCAG) 2.2ን ተከተል በዪው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ነው። በመካከለኛው ደረጃው (AA)፣ የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆንና የተሞላ አድራሻ በዚያው ግዢ ውስጥ እንደገና እንዳይጠየቅ ያዛል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትሸጪ ከሆነም እዚያ እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የኦንላይን ሱቆችን የሚመለከት የተደራሽነት ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። አንድ መስመር ኮድ ጨምረሽ «ሁሉን ያስተካክላል» የሚባለውን መሣሪያ ግን አትግዢ። ስም የሌለውን አዝራር በትክክል አይሰይምልሽም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከራሴ ስክሪን ሪደር ጋር ይጋጫል።

ራስሽ መፈተሽም ትችያለሽ። ማውሱን አስቀምጪና በታብ፣ በቀስትና በኢንተር ቁልፎች ብቻ አንድ ልብስ እስከ ክፍያ ድረስ ለመግዛት ሞክሪ። ቀጥሎ ስልክሽ ላይ ያለውን ስክሪን ሪደር (በአንድሮይድ ቶክባክ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር) አብርተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ድገሚው። ለመስማት ለተሳናቸው ደግሞ ስልክ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ የጽሑፍ መልእክት መቀበያ ይኑርሽ።

እንግዲህ በእኔ ምርጫ፦ መተላለፊያውና የአዝራሮቹ ስም በዚህ ሳምንት፣ ተነቃይ ራምፑና የካርድ ማሽኑ ቀጥሎ፣ ቋሚው ራምፕ ገንዘብ ሲገኝ። እስከዚያው የበሩን ስፋትና የደረጃውን ከፍታ ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ጻፊው፤ ወንድሜ ደጃፍ ደርሶ ከሚመለስ ቀድሞ ቢያውቅ ይመርጣል። የአዝራሮቹ ስም ሲስተካከል ሊንኩን እዚህ ለጥፊው፣ በስክሪን ሪደር እስከ ክፍያ ድረስ ሄጄ የት እንደቆመብኝ እጽፍልሻለሁ።