ቀለሙ ሲያብጥ ዝገቱ ቆይቷል

ጥያቄ፦ መኪናዬ 15 ዓመቷ ነው። ከኋላ ጎማው በላይ፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ብጉር እያበጠ ነው። ባለፈው ዓመት አሽቼ በጣሳ የሚሸጥ የሚረጭ ቀለም ረጭቼበት ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ አበጠ። እኛ ሰፈር በረዶ እንደ ሌላው አገር አይበዛም፣ ጨውም እምብዛም አይበተንም። ታዲያ ከየት መጣ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ከጀርባው ነው የመጣው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። ብጉሩን ውጭ ሲያዩት የላሜራው ጀርባ ከተበላ ቆይቷል ማለት ነው። የጎማው ቅስት ጠርዝ ሁለት ላሜራ ተጣብቆ የታጠፈበት ቦታ ነው። ጎማው የሚረጨው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል እጥፋቱ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አይደርቅም ማለት ይቻላል። ጨው ዝገትን ያፋጥናል እንጂ የግድ አያስፈልገውም፤ ውሃና አየር ይበቁታል። ለነገሩ ከሲያትል በስተምሥራቅ በስኖኳልሚ ማለፊያ በኩል ተራራውን ካቋረጡ ጨውም አግኝተዋል።

አሁን፣ በዝናቡ ወራት፣ ቀለም አይቀቡ። ሁለት ክፍል ያለው (ከማጠንከሪያው ጋር የሚቀላቀል) ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ልባስ፣ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይጠነክርም። እርጥብ አየር ውስጥ የቀዘቀዘ ላሜራ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ጤዛ ይይዛል፤ ብረቱ ጤዛ ከሚያርፍበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ለጊዜው ጎማውን ፈተው፣ የውስጥ ፕላስቲኩን አውርደው፣ ጭቃውን በእጅና በቀስታ በሚፈስ ውሃ ያውጡት። ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ ያበጠውን ቀለም ገልጦ ውሃውን እጥፋቱ ውስጥ ይሰድደዋል። አንድ ሁለት ቀን በቬንትሌተር ያድርቁትና ጀርባውን በላኖሊን (ከበግ ሱፍ በሚገኝ ቅባት) ወይም በሰም የተሠራ የዝገት መከላከያ ይርጩት። ሲሊኮን ያለበትን አይጠቀሙ፤ በኋላ ቀለም አያስይዝም።

ዋናው ሥራ የጁላይና የኦገስት ነው። መጀመሪያ የረጩትን ሰም በሰም ማስለቀቂያ ይጥረጉ፤ ሳይጠርጉ ካሹት ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ብረቱ ውስጥ ያሻዋል። ከዚያ ከብጉሩ ዙሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምረው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይሹት። ጠመንጃ መፍቻ ይዘው ጫን ይበሉ። ከገባ፣ ያ ቦታ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል እንጂ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ሊጥ) አይደፍነውም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ከጀርባው ቀዳዳ ካለ እንደ ስፖንጅ ይሆናል።

ብረቱ ካልተበሳ፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀሩትን ጥቁር ነጥቦች በፎስፎሪክ አሲድ ጄል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያርሷቸው፤ እንዲደርቅ አይተዉት። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ከዚያ በብዙ ውሃ አጥበው ወዲያው በሙቅ አየር ያድርቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የአሲድ ቅሪት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ አይይዝም። ቀጥሎ በቅባት ማስለቀቂያ በአንድ ጨርቅ ቀብተው፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ ያንሱት። ኢፖክሲውን መለያው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅለው ሁለት እጅ ይቀቡ። ስቱኮ ካስፈለገ ከኢፖክሲው በላይ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፤ በ180 ከዚያ በ320 ቁጥር ይሹት። ሙሌት ፕራይመር ከቀቡ በኋላ በ600 በውሃ አሽተው ቀለሙን ስስ አድርገው ሁለት ሦስት እጅ፣ ማብሪያውን (የላዩን ግልጽ ቫርኒሽ) ሁለት እጅ ይርጩ። የማጠንከሪያ ኬሚካል ያለበት ማብሪያ ሳንባ ይጎዳል፤ የአቧራ ማስክ አይበቃውም፣ ትክክለኛ የጋዝ መከላከያ ማስክ ያድርጉ።

ያለፈው ዓመት ሥራዎ የተበላሸበትን ምክንያት መገመት አይከብድም። በጣሳ የሚሸጥ የሚረጭ ፕራይመር አብዛኛው ውሃ ያሳልፋል፣ ጀርባውም አልተነካም። ቀለሙ ሲደርቅ ሰሙን እንደገና እጥፋቱ ውስጥ ይርጩት፤ ይህን ከዘለሉ የቀረው ልፋት ሁሉ በከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋራዡ የመኪናዬን ሥር ጥቁር፣ ጎማ መሰል ነገር ልቀባልህ ይለኛል። ጨው በሚበዛበት መንገድ ነው የምነዳው፤ ማታ ማታ በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ አቆማታለሁ። ይጠቅማል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አዲስ መኪና ካልሆነች አይቀቡት። ዝገት ላይ የተቀባ ጎማ ሽፋን ይሰነጠቅና ውሃውን ያስገባዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ዓይን ስለማያየው ደግሞ ላሜራው ሲረግፍ ነው የሚታወቀው። ሳይደርቅ የሚቆይ የላኖሊን ወይም የሰም ቅባት በየዓመቱ፣ ጨው ሳይበተን ኦክቶበር ላይ ያስቀቡ። ፍሬን ዲስክና ጭስ ማውጫ እንዳይነካ፣ በሮች ሥር ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችም እንዳይደፈኑ ይንገሯቸው። ቀዳዳዎቹን እርስዎም በፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፍ ቢጎረጉሯቸው አይከፋም።

የሚሞቀው ጋራዥ ነገሩን ያባብሳል። በውርጭ ዝገት ይዘገያል፤ ጨዋማ ውሃ የያዘች መኪና ሙቀት ውስጥ ስትገባ ግን ይፈጥናል። መንገድ ላይ የሚበተኑት ጨዎች፣ ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ እርጥበትን ከአየር ስለሚስቡ መንገዱ ደረቅ በሆነ ቀንም ሥሯ እርጥብ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ሁሉ ሥሯን ያሳጥቡ።

ጥያቄ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የመኪናዬ ምንጣፍ ይሸታል፣ በሾፌር በኩል ወለሉ ዝጓል። መካኒኩ የተቃጠለ ዘይት ቀባበት። በቂ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ አሲድና የብረት ብናኝ አለ፣ ለቆዳም ጎጂ ነው፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ጠረኑ አይወጣም። በዲግሪዘርና በሙቅ ውሃ ያስለቅቁት። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ውሃ ስለሚይዝ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቀናት መቆየት አለበት።

ውሃው የሚገባበትን ሳያገኙ ግን ምንም አይቀቡ። ኮፋኖውን ከፍተው ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን መተላለፊያ ይዩ፤ ቅጠል ደፍኖት ከሆነ ዝናቡ ወደ ውስጥ ነው የሚፈስሰው። ካልሆነ አንድ ሰው ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንዱን ቦታ አምስት አምስት ደቂቃ ያጠጣ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉን ስለሚያርስ ቀዳዳው አይለይም። ፈሳሹ ቀለም ያለውና የሚያዳልጥ ከሆነ ዝናብ ሳይሆን የማሞቂያው ራዲያተር ነው የሚያፈስሰው።

የመቀመጫና የቀበቶ ብሎኖች ዙሪያ ከተበላ ስቱኮም ሆነ ፋይበር አይሆነውም፤ በደንብ ይበየድ። በያጁ ከመጀመሩ በፊት የመኪናው ባትሪ ነጌቲቭ ይፈታ፣ የነዳጅ ቱቦው በወለሉ ሥር በየት በኩል እንደሚያልፍም ይታይ።