የፓላዲየም ስም ተቀየረ፣ ጥርጣሬውስ?

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕ ድሮ «ፓላዲየም» የተባለው ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ማይክሮሶፍት ፓላዲየምን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሐሳቡ በቺፕ ታግዞ የታመነ ፕሮግራም ብቻ የሚሠራበት የተቆለፈ ክፍል ኮምፒውተሩ ውስጥ መፍጠር ነበር። ሰው ግን ወዲያው «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለ። ልክ ነበር! የገዛኸው ዘፈን የት እንደሚከፈት፣ የጻፍከው ሰነድ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚነበብ ሌላ አካል ከሩቅ ሆኖ የሚወስን ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የእኔ ነው ማለት ይከብዳል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ደህንነት ምሁር ሮስ አንደርሰንም አጥብቆ ተችቶታል። በጥር 2003 ኩባንያው ስሙን «ኔክስት ጀነሬሽን ሴኪዩር ኮምፒውቲንግ ቤዝ» አለው። ጥያቄው ያው ነው፣ ስም ስለተቀየረ ማን ይረሳል? ዕቅዱ እንደታሰበው አልወጣም፤ ከእሱ የተረፈው ቢትሎከር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዲስክ በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ፕሮግራም፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ።

የዛሬው ቲፒኤም ዋና ሥራው የምስጢር ቁልፍ መጠበቅ ነው፣ ላፕቶፕህ ቢሰረቅ ይጠቅምሃል። ግን ባለ 48 አሃዙ የቢትሎከር መልሶ ማግኛ ቁልፍህ የት እንዳለ እይ። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ማይክሮሶፍት አካውንትህ ላይ ነው። ወረቀት ላይም ገልብጠው፣ ከላፕቶፑ ጋር ግን አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርገው።