ልጅህን ለኳስ ብለህ ትምህርት ቤት ከማዛወርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅህ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 9ኛ ክፍል እየጨረሰ ነው። ኳስ ነፍሱ ነው። የሰፈራችሁ ሃይስኩል ቡድን ደካማ ስለሆነ ኮሳ የሚሉትን የትምህርት ቤት መቀየሪያ ፎርም ሞልተህ ጥሩ ቡድን ወዳለው ልታዛውረው አስበሃል። ስፖርቱ ትምህርቱን እንዳያበላሽበትም ፈርተሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች "አዛውረው፣ ምን ችግር አለው" ብለውሃል። እኔ ተው እልሃለሁ። ሁለት ልጆች በዚህ ካውንቲ ሃይስኩል አሳልፌያለሁ፣ የምነግርህ ከደረሰብኝ ነው። በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ኮሳውን ከመፈረምህ በፊት የስፖርቱን ደንብ አንብብ። ሃይስኩል የጀመረ ልጅ ቤተሰቡ ቤት ሳይቀይር በኮሳ ከተዛወረ በአዲሱ ትምህርት ቤት ድፍን አንድ ዓመት ለየትኛውም ቡድን መጫወት አይችልም። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን እንደ ዋዛ አይሰጥም። ኳስ ደግሞ ራሱ ለኮሳ ምክንያት አይሆንም። የሚቀበሉት ከበድ ያለ የቤተሰብ ችግር ሲኖር ነው። ስለዚህ የልጅህ ጉዳይ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው። እውነቱን ከጻፍክ አይፈቅዱልህም። ሌላ ምክንያት ኖሮህ ከፈቀዱልህ ደግሞ ያዛወርከው ለኳስ ሆኖ ሳለ 10ኛ ክፍልን ያለ ኳስ ይጨርሳል።

ይህን ማን ነገረኝ መሰለህ? ማንም። ትልቋ ልጄ ሯጭ ናት። 9ኛ ክፍል ክሮስ ካንትሪ የሚሉት የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድን ገብታ በአንድ ወቅት ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች፣ ጓደኛ አፈራች፣ እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ቤት ውስጥ መሳቅ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ የማታ ሽፍት ነበርኩ፣ ባለቤቴ አገር ቤት ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እህቴ ጋ መዋል ነበረባቸው፣ የእህቴ ቤት ደግሞ የሌላ ትምህርት ቤት ክልል ነው። ምክንያቴ እውነተኛ፣ ወረቀቴ የተሟላ ነበር። ኮሳው ተፈቀደ። ፎርሙን ስሰጥ ቢሮ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ጠየቅኳት። "ልጄ ትሮጣለች፣ እዚያም ቡድን አለ አይደል?" አልኳት። "ሁሉም ትምህርት ቤት ቡድን አለው" ብላ ማህተሟን መታች።

ኦገስት ላይ ልምምድ ተጀመረ። ልጄ ጫማዋን አስራ ሄደች። አሰልጣኙ ጥሩ ሰው ነው፣ ለብቻዋ ጠርቶ ነው የነገራት። መኪናው ውስጥ ገብታ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ እንደገና ፈታች። ምን ሆንሽ ስላት አትመልስም። ነገሩን የሰማሁት ማታ ከእህቴ ነው። በማግስቱ ከሽፍት ወጥቼ ሳልተኛ በቀጥታ ቢሮው ሄድኩ። ያችው ሴትዮ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳን አላለችም። "ስፖርት የኔ ሥራ አይደለም፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል" አለችኝ። አሳዪኝ አልኳት። ገጹን ገልጣ በጣቷ አንድ መስመር አሳየችኝ። እኔ እኮ ጠይቄያት ነበር! ሦስት ቃል ብትጨምርልኝ ምን ይጎድልባታል? ይግባኝ ጻፍኩ፣ የሥራ ቦታዬን ደብዳቤ አያያዝኩ፣ አልተቀበሉትም። ደንቡን ራሱን አልቃወምም። ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ተጫዋች እየተሻሙ እንዳይነጣጠቁ የወጣ ነው፣ ገባኝ። ያቃጠለኝ የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ሰው ሳይናገር ማስፈረሙ ነው። አሁንም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

የዘመድ አድራሻ ተጠቅመህ አስገባው ያለህን ሰውማ ፈጽሞ አትስማው። ነዋሪነትህን በወረቀት ያጣራሉ። የውሸት አድራሻ ሲገኝ ልጁ ከቡድን መውጣቱ ብቻ አይደለም፣ እሱ የተሰለፈበት ጨዋታ ውጤትም ሊሰረዝ ይችላል። ያኔ ልጅህ ጓደኞቹን በምን ዓይኑ ያያል?

2. ጥያቄህን በጽሑፍ ጠይቅ። በየሃይስኩሉ ስፖርቱን የሚመራ አትሌቲክ ዳይሬክተር የሚባል ሰው አለ፣ ኢሜይሉ ትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ይገኛል። ከዋናው ቢሮ፣ ከሬጅስትራር (ተማሪ መዝጋቢው)፣ ከሰፈር ሰው መልስ አትፈልግ። እሱን ጠይቀው፣ መልሱን አስቀምጠው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለህ አትፈር። ካውንቲው ዋና ዋና ወረቀቶችን በአማርኛ ያወጣል፣ ለስብሰባም አስተርጓሚ በነጻ ይመድባል፣ አስቀድመህ መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ኢሜይል ምንም አልፈርምም። አንዳንዱ ጸሐፊ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ።

3. ደካማ ቡድን መጥፎ ነው ያለህ ማነው? ጠንካራ በሚባለው ትምህርት ቤት ለትራይአውት፣ ለቡድን መምረጫው ፈተና፣ የሚመጣው ልጅ ብዛት ያስደነግጥሃል፣ አብዛኛው ተቀንሶ ይመለሳል። ቡድን ውስጥ የገባውም ገና ጄቪ፣ ማለትም ሁለተኛው ቡድን ነው፣ ዋናው ቡድን ቫርሲቲ ገብቶ ወንበር የሚያሞቅም አለ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጅህ ሜዳ ላይ ይውላል። አባቶች ሁሉ የሚጠሩት ጌዲዮን ዘላለምን ነው፣ እዚሁ ቤተስዳ ዋልተር ጆንሰን ሃይስኩል የተማረውን፣ በ2013 አርሰናል የገባውን። ልጁ የኛ ነው፣ እንኮራበታለን። ግን የአርሰናል መልማይ ዓይን የወደቀበት ኦልኒ ሬንጀርስ በሚባል የሰፈር ክለብ ሲጫወት ነው። ልጅህ በእውነት እስከዚያ የሚሄድ ከሆነ የሚያስኬደው ክለብ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ስም አይደለም። ክለቡ ደግሞ በሺዎች ያስከፍላል፣ የእርዳታ ፎርም አላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ብዙዎቹ አላቸው።

4. ትምህርቱን ያበላሻል ስላልከው። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። እዚህ ካውንቲ ለመጫወት በሩብ ዓመቱ ውጤት ቢያንስ 2.0 አማካይ ያስፈልጋል፣ ከአንድ በላይ ኢ፣ የመውደቂያውን ማርክ፣ ያመጣ አይሰለፍም። ይህን ልብ በል፣ ለመጸው ስፖርት የሚታየው ያለፈው የትምህርት ዓመት የመጨረሻ ሩብ ውጤት ነው። ስለዚህ ልጅህ ለኦገስቱ ኳስ የሚያልፈው አሁን በሚያመጣው ማርክ ነው! የኔዋ ልጅ እኔ ስለምናት ያልሠራችውን የሒሳብ የቤት ሥራ ልምምድ እንዳይቀርባት ብላ አውቶቡስ ላይ ትጨርስ ነበር። ወላጅ የልጁን ማርክ የሚያይበት ፓረንትቪው ስልክህ ላይ ከሌለ ዛሬውኑ አስገባው።

ኮሌጅ ላይ እጫወታለሁ የሚል ከሆነ ደግሞ ዲቪዥን አንድ፣ ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ 16 ኮር ኮርስ (ዋና ዋና ትምህርት) እና በነሱ ላይ 2.3 አማካይ ይፈልጋል። ኢሶል የሚባለው፣ እንግሊዝኛ ለሚለምዱ ልጆች የሚሰጠው ክፍል፣ ሁሉም ኮር ተብሎ አይቆጠርም። ልጅህ ኢሶል ውስጥ ከሆነ የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሩን፣ አሁኑኑ ጠይቅ፣ 12ኛ ክፍል ላይ የሚነቁ ብዙ አሉ። በቅርቡ ከአገር ቤት ልጅ ያመጣችሁ ደግሞ የልደት ቀኑን አጣሩ፣ ከኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ዓመት የተሳሳተበት ልጅ አውቃለሁ። በሜሪላንድ እስከ ኦገስት 31 ድረስ 19 ዓመት የሞላው ልጅ አይጫወትም።

5. ኦገስት። ኳስም ክሮስ ካንትሪም የሚጀምሩት ትምህርት ሳይከፈት፣ ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ያ ማለት ፍልሰታ ነው። የሜሪላንድን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ልጄ እጾማለሁ አለች። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገርን፣ ከዚያ አብረን አሰልጣኙ ጋ ሄድን። እኔ ይስቃል ብዬ ነበር። ሰውየው ወረቀት አውጥቶ ምን ትበላለች፣ ስንት ሰዓት ትበላለች ብሎ ጻፈ፣ ውሃስ ትጠጣለች ወይ አለኝ። ልምምዷ ጠዋት ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ቀናት አቀለለላት። ሙስሊም ልጆች በረመዳን ያው ነው፣ አስቀድሞ መንገር ነው። ሳይነግሩ ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ ያለ ሐኪም ወረቀት ወደ ሜዳ አይመለስም፣ ሕግ ነው፣ ደህና ነኝ ቢልህም አትከራከራቸው።

ልጄ ከቡድን የታገደችበት ዓመት እንዴት አለፈ ካልከኝ፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር ስሊጎ ክሪክ ዳር ባለው መንገድ ትሮጥ ነበር። ዝናብም ቢሆን። ዓመቱ ሲሞላ ቡድኑ ውስጥ ገባች፣ በዚያው መጸው ጌይተርስበርግ ቦረር ፓርክ የካውንቲው ውድድር ላይ ሮጠች፣ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ቡድኑ ለስቴቱ ውድድር አለፈ። እሱ የሚካሄደው ሄርፎርድ ሃይስኩል ነው። እዚያ ዘ ዲፕ የሚሉት ቦታ አለ። ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ታች ስትደርስ ወዲያው ሽቅብ ነው፣ እዚያ ላይ የሚራመዱ ልጆች አሉ። የኔ ልጅ አልተራመደችም። በውድድሩ ዋዜማ የፓስታ ራት የሚባል አላቸው፣ ወላጅ ተራ ገብቶ ያበላል። የኔ ተራ አርብ ዋለና የጾም ስጎ በበርበሬ ሠራሁ፣ ድስቱ ባዶ ተመለሰ። የኛ ሰው ጨዋታ ለማየት አይመጣም፣ ሥራ ነው አውቃለሁ፣ ግን በወቅቱ አንዴ እንኳን ሂድ። አሰልጣኙ ፊትህን ሲያውቅ ስለ ልጅህ ይደውልልሃል።

ትንሹ ልጄ ደግሞ ኳስ አይነካም። የድራማው ክፍል ውስጥ መድረክ ጀርባ ነበር የሚሠራው፣ መብራትና እንጨት። መጀመሪያ እኔም ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ነበር፣ ዛሬ መሰርሰሪያ ይዞ ቤቴን የሚጠግነው እሱ ነው። ለመመረቅ 75 የበጎ አገልግሎት ሰዓት ግዴታ ስለሆነ ልጅህ ከኳሱ ጎን አንድ ክበብ ይግባ። ግን ሰዓቱ የሚቆጠር መሆኑን ቀድሞ ይጠይቅ።

እና ወንድሜ፣ ኮሳው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል ብለው ቢያጣድፉህ አትጣደፍ። ይልቅ ለፊዚካል ምርመራው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አሁን ያዝ። ፊዚካል የሌለው ልጅ ትራይአውት ላይ አይቆምም፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ስለሚሯሯጥ ቀጠሮ ይጠፋል። ፎርሙን አትመህ ሂድ፣ ፊርማውም ቀኑም መኖሩን ከክፍሉ ሳትወጣ እይ፣ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ጫነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ስም በውስጥ ላክልኝ፣ ልጁ እዚያ የሚጫወት አባት አውቅ ይሆናል፣ አገናኝሃለሁ።