የተከፈሉ ኢንቲኖች እንዴት ይተዋወቃሉ? ለሰሜን ሸዋ ጠያቂዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ስለ ፕሮቲን ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ሳይቀር መጣ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ኢንቲን ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ መሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ ኢንቲን ምንድን ነው? የተከፈለ ሲባልስ?

አንዳንድ ፕሮቲን ሲሠራ መሐሉ ላይ ትርፍ ክፍል ይዞ ይወጣል። ኢንቲን እሱ ነው። ራሱን ቆርጦ ይወጣና ግራና ቀኙ የነበሩትን ክፍሎች እርስ በርስ ያገጣጥማቸዋል። ስፕላይሲንግ የሚባለው ይኸው ነው። ሌላ ኢንዛይም አያግዘውም፣ ኤቲፒም (የሴል የኃይል ምንጭ) አይፈልግም። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 በእርሾ ውስጥ ነው።

የተከፈለው ደግሞ ከመነሻው በሁለት ጂኖች ላይ የተጻፈ ነው። ሁለቱ ቁራጮች ለየብቻ ተሠርተው ሴል ውስጥ ይገናኛሉ። በተፈጥሮ እንዲህ ያለ ኢንቲን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲኔኮሲስቲስ በሚባል ሳይኖባክቴሪያ ውስጥ ተገኘ። ትልቁ ቁራጭ 123፣ ትንሹ 36 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ነው። የሚያገጣጥሙት ፕሮቲን ዲኤንኤ የሚገለብጠው ፖሊመሬዝ አካል ነው። አስቢው እንግዲህ፣ ሁለቱ ካልተገናኙ ባክቴሪያው ዲኤንኤውን መገልበጥ አይችልም!

የባዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ሲና፦ ለተማሪዎቼ እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው ብዬ ባስረዳ ልክ ነው?

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልክ አይሆንም። እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም፣ ምክንያቱም የነገሩ ውበት ያለው እዚህ ነው።

ቁልፍ ጋኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅርጹ ያለቀ ነው። ትንሹ የኢንቲን ቁራጭ ግን ብቻውን ሲሆን ምንም ቋሚ ቅርጽ የለውም። ትልቁም ቢሆን ከፊሉ ብቻ ነው የታጠፈው፤ የቀረው ልቅ ነው። ኬሚስቱ ቶም ሚውርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳዩት፣ ሁለቱ የሚያያዙት በነዚሁ ልቅ ክፍሎቻቸው መሆኑን ነው። በትልቁ ቁራጭ ልቅ ክፍል ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ይበዛሉ፣ በትንሹ ላይ ደግሞ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ጨው ከበዛበት መሳሳቡ ይደክማል።

ከተያያዙ በኋላ መጋጠሚያቸው ላይ ሥርዓት ያለው ቅርጽ ይፈጠራል። ቀጥሎ ይህ ክፍል ቀድሞ ከታጠፈው ጋር ይሰበሰብና ሙሉው ኢንቲን ይታጠፋል። በመጨረሻው ቅርጽ ሁለቱ ሰንሰለቶች እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው። እስቲ ያስቡት፣ ሁለቱም ቀድመው ጥብቅ ብለው ታጥፈው ቢሆን ኖሮ በምን መንገድ ይጠላለፉ ነበር? መጀመሪያ ቅርጽ አልባ መሆናቸው ጉድለት አይደለም፣ መገናኛቸው ነው። ለተማሪዎችዎ ይህን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ያው የመሐል ሜዳ ተማሪ፦ የአንዱ ባክቴሪያ ቁራጭ ከሌላው ባክቴሪያ ቁራጭ ጋር ይገጥማል?

ዘመዳሞች ከሆኑ አዎ። ኖስቶክ ፑንክቲፎርሜ ከሚባለው የተወሰደው ትልቁ ቁራጭ ከሲኔኮሲስቲሱ ትንሽ ቁራጭ ጋር ይሠራል። የኖስቶኩ ጥንድ ደግሞ ፈጣን ነው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግማሹን ሥራ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። የሲኔኮሲስቲሱ ከሱ ጋር ሲወዳደር በጣም ይዘገያል።

የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ መቁረጡና መቀጠሉ በምን ይከናወናል?

በአጭሩ፦ የኢንቲኑ የመጀመሪያ አሚኖ አሲድ ሲስቲይን ነው። ከግራው ክፍል ጋር ያለውን ቦንድ ወደ ታዮኤስተር (በሰልፈር በኩል ወደሚያያዝ ቦንድ) ይቀይረዋል። የቀኙ ክፍል መጀመሪያ ላይ ያለው ሲስቲይን የግራውን ክፍል ወደ ራሱ ይቀበላል። የኢንቲኑ መጨረሻ ላይ ያለው አስፓራጂን ክብ ሠርቶ ራሱን ይቆርጣል። በመጨረሻ ታዮኤስተሩ በመደበኛው የፔፕታይድ ቦንድ ይተካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መታጠፉ ካለቀ በኋላ ነው። ፈተና ላይ ይህን ቅደም ተከተል እንዳትስተው።

የግብርና ባለሙያ፣ እነዋሪ፦ ዩሪያ የፕሮቲንን መታጠፍ ያፈርሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ኢንቲኑንስ?

ትክክል ሰምተዋል። ዩሪያ ሲበዛ ብዙ ፕሮቲን ይፈታል፤ አብዛኛው ኢንቲንም ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ተመራማሪዎች የብዙ ሳይኖባክቴሪያ ኢንቲኖችን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አነጻጽረው ሲኤፍኤ የተባለውን ሠሩ። ብዙ ዩሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥም ይሠራል።

እናት፣ ሸዋ ሮቢት፦ ለሕክምና ይረዳል ወይ?

እህቴ፣ ተስፋ አለው። ጂን ወደ ሴል ለማድረስ ኤኤቪ የሚባል ቫይረስ ይጠቀማሉ። የሚሸከመው ግን 4.7 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ስታርጋርት የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ጂን፣ ኤቢሲኤ4፣ ወደ 6.8 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ ጂኑን ከፍለው በተለያዩ ቫይረሶች ይልኩታል። ፕሮቲኑን ዓይን ውስጥ የሚያገጣጥሙት ኢንቲኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአይጥና በአሳማ ዓይን ላይ መሥራቱ ታይቷል። ነገር ግን ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደው የሚያገኙት መድኃኒት እንዳልሆነ በግልጽ ልንገርዎ። ተቆርጦ የወጣው ኢንቲን ሴል ውስጥ እንዳይከማች የማድረጉም ሥራ አለ።