በስልክ ካሜራ የተለካ ሄሞግሎቢን ይታመናል?

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። መርፌ በጣም እፈራለሁ። እኅቴ ስልኳ ላይ በጫነችው መተግበሪያ ጥፍሬን ፎቶ ብታነሣው ሄሞግሎቢኔ 11.5 ነው አለን። እንዲህ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለምርመራ ደም መስጠቴ ሊቀር ይችላል? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እባክዎ አይቅር። አሠራሩ ግን መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን በመሆኑ፣ እርሱ ሲያንስ የቆዳ ቀለም የማይጋርደው የሰውነት ክፍል ይገረጣል፤ ሐኪም የታችኛውን የዐይን ሽፋን ዝቅ አድርጎ የሚመለከተውም ለዚሁ ነው። በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ከጥፍር ፎቶ ለማንበብ ሞክረዋል። ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ማኒኖ፣ ቤታ ታላሴሚያ በሚባል የደም ሕመም ምክንያት በየወሩ ደም የሚሰጠው ሰው ስለነበረ፣ ደም ከመውሰዱ በፊትና በኋላ የራሱን ጥፍር ፎቶ እያነሣ የቀለሙን ለውጥ ተከታትሏል።

ችግሩ ስሕተቱ ላይ ነው። በዚያ ጥናት መተግበሪያው ከላቦራቶሪ ውጤት በዴሲ ሊትር እስከ 2.4 ግራም ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ታይቷል። በእርስዎ ቁጥር ብናሰላው፣ 11.5 የተባለው 13.9 ወይም 9.1 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከ11 በታች የሆነውን የደም ማነስ ስለሚለው፣ ያው አንድ ቁጥር ጤነኛዋንም እናት፣ ሕክምና የሚያስፈልጋትንም እናት ሊያመለክት ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ከባድ ነው። ጥፍርዎ እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ነክቶት ከሆነማ ካሜራው የሚያነበው ቀለሙን እንጂ ደምዎን አይደለም።

በተጨማሪም ለነፍሰ ጡር የሚደረገው የደም ምርመራ የሄሞግሎቢን ብቻ አይደለም። ሾተላይ የሚታወቅበት የደም ዓይነት፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ የሚመረመሩት ከደም ነው፤ እነዚህን የጥፍር ፎቶ አያሳይም። መተግበሪያው ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየዎት ወይም ድካምና ማዞር ከተሰማዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ግን አያዘናጋዎ።

ሄሞግሎቢን ለመለካት ከጣት ጫፍ የምትወሰድ ጠብታ ደም ልትበቃ ትችላለች። መርፌ እንደሚፈሩ ለነርሷ አስቀድመው ይንገሯት፤ እኅትዎም አብራዎት ትግባ።