«ኦፈን» ወይስ «ኦፍተን» ለሚለው ክርክራችሁ

«often» (ብዙ ጊዜ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደሚነበብ ከጓደኛህ ጋር ተከራክራችሁ ጠይቀኸኛል፤ አንተም ጓደኛህም ልክ ናችሁ። ቲ ፊደሏን ውጠህ «ኦፈን» ብትል፣ እሱም አውጥቶ «ኦፍተን» ቢል፣ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይቀበላል።

ጓደኛህ «ቲ ተጽፋ የለ እንዴ?» ያለው ግን አያስኬድም። ድምጿ ከሰው አፍ የጠፋችው ከመቶዎች ዓመታት በፊት ነው፤ በኋላ ሰው ማንበብ ሲለምድ ፊደሏን እያየ መልሶ ያመጣት ጀመር። «ሊስን» (listen) ላይም እኮ ቲ ተጽፋለች፣ ማንም ግን አይላትም።

«schedule» የሚለውን ደግሞ «ስኬጁል» ማለት የአሜሪካ፣ «ሼጁል» ማለት የእንግሊዝ ነው፤ በሱ አትድከሙ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ሰው ፊት አትራረሙ። እኔ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ስብሰባ መሃል አርሜያት አውቃለሁ። ልክ የነበረችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንግሊዝኛ ስታወራ ድምጿ ቀነሰ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ከተጠራጠራችሁ ለብቻችሁ ስልክ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ፣ ከቃሉ አጠገብ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክታችሁ አብራችሁ ስሙት።